ለጅማት ጉዳት ፔፕታይድ ማጣመር፦ የቱ ከየትኛው ጋር፣ ለማን፣ በምን ማስረጃ

ጅማቱ የተጎዳ ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ነው። መራመድ ይቻላል፣ ደረጃ መውጣትም ይቻላል፤ ሩጫው ግን እንቢ ይላል። «ቢፒሲ-157» እና «ቲቢ-500» የሚባሉ በመርፌ የሚወጉ ፔፕታይዶች ስም ወደ ጆሮ የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ነው። አንዱ በጂም ይነግርዎታል፣ ሌላው በቴሌግራም ይልክልዎታል፣ ዘመድ ደግሞ «ከአሜሪካ ላምጣልህ?» ይላል። ከዚያ ጥያቄው ይደራረባል። አንዱ ብቻውን ይበቃል ወይስ ሁለቱ አብረው? «ዎልቨሪን»፣ «ግሎው»፣ «ክሎው» እየተባሉ በአንድ ብልቃጥ ተቀላቅለው የሚሸጡትስ? በሱፐርማርኬት በዱቄት መልክ የሚገኘው የኮላጅን ፔፕታይድ ከእነዚህ ጋር ዝምድና አለው?

ፔፕታይድ ማለት አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ኢንሱሊንም ፔፕታይድ ነው፣ ከከብት ቆዳ የሚወጣው የኮላጅን ዱቄትም እንዲሁ። ስለዚህ ስሙ ብቻውን ደኅንነትንም ጥቅምንም አይናገርም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መመርመር ግድ ነው። እዚህ የምናነጻጽረው በዋናነት ለጅማት ጉዳት ነው፦ ለተረከዝ ጅማት (አኪለስ)፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ላለው ጅማት፣ ለክርንና ለትከሻ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መለኪያዎቹ

መጀመሪያ የሚጠየቀው ማስረጃው የተገኘው በማን ላይ ነው የሚለው ነው። በላቦራቶሪ ያለ አይጥ ወጣት ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ጅማቱ የተቆረጠውም ትናንት በምላጭ ነው። የሰው ጅማት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ለወራትና ለዓመታት ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ቆይቶ ነው። ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም።

ሁለተኛው፣ በብልቃጡ ውስጥ ያለው በእርግጥ የተጻፈው ነገር ነው ወይ? ሦስተኛው፣ ቢሠራም ቢጎዳም የትኛው እንደሠራና የትኛው እንደጎዳ መለየት ይቻላል ወይ? ማጣመር የሚፈተነው በተለይ በዚህ ነው። አራተኛው ሕግና የስፖርት ደንብ ነው። አምስተኛው ወጪ ነው፤ ወጪውም በብልቃጥ ዋጋ ሳይሆን ለሙሉ 12 ሳምንት ተሰልቶ ነው የሚታየው።

12 ሳምንት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ጉዳት ሲደርስ ለቀናት የብግነት ጊዜ አለ፣ እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ አዲስ ሥጋ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የተሠራው መልሶ ይደራጃል። ጅማት ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በከባቢ አየር የተዉትን ካርቦን-14 ተከትለው በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ የተረከዝ ጅማት እምብርት ከ17 ዓመት ዕድሜ በኋላ ከሞላ ጎደል እንደማይታደስ አሳይተዋል። በአሥር ቀን ጅማት አደሳለሁ የሚል ማስታወቂያ ይህን እውነታ ማለፍ አለበት።

ቢፒሲ-157 ብቻውን

15 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ በፋብሪካ የሚሠራ ፔፕታይድ ነው። በጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ካለ ፕሮቲን የተወሰደ ቁራጭ እንደሆነ ይነገርለታል። አብዛኛው ጥናት የመጣው ክሮኤሺያ ውስጥ ከዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ቡድን ነው። በአይጦች ላይ የተቆረጠ ጅማት፣ ጡንቻና አጥንት ሲያገግም አሳይተዋል። ታይዋን ውስጥ የተሠሩ ሥራዎችም የጅማት ሴሎች በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱና የእድገት ሆርሞን ተቀባያቸው እንደሚበዛ ዘግበዋል። የአዳዲስ የደም ሥሮችን መብቀልም ያበረታታል።

በሰው በኩል ያለው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በ2021 የታተመ አንድ ዘገባ የጉልበት ሕመም ኖሯቸው ሐኪም መገጣጠሚያቸው ውስጥ መርፌ የወጋቸውን 16 ሰዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ጠይቋል። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ጉልበት በራሱ ጊዜም ይሻለዋል፣ መርፌ መወጋትም በራሱ ተስፋ ያሳድራል፤ ስለዚህ ከዚህ ዘገባ ብዙ መዝገን አይቻልም። ደግሞም ይህ በመገጣጠሚያ ውስጥ በሐኪም የተሰጠ እንጂ ሰዎች በቤታቸው ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚወጉት አይደለም።

በአይጥና በውሻ ደም ውስጥ ግማሹ ከ30 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጠፋል። ይህን ያህል አጭር ዕድሜ ያለው ነገር በየስንት ሰዓቱ፣ በምን ያህል መጠን ለሰው ጅማት እንደሚጠቅም በሙከራ የተወሰነ ነገር የለም። በየገጹ የሚዘዋወሩት የመጠን ሠንጠረዦች ከአይጥ ክብደት ተባዝተው የተገመቱ ናቸው። በእንክብል የሚሸጠውም ጨጓራን ስለሚቋቋም ነው ይባልለታል፤ በአፍ የተዋጠው ተረከዝ ድረስ ደርሶ ጅማት መጠገኑ በሰው ላይ አልታየም።

ቢፒሲ-157 ከቲቢ-500 ጋር

«ዎልቨሪን» እየተባለ በብዛት የሚሸጠው ጥምረት ይህ ነው። የሚቀርብለት ምክንያት ሲሰሙት ያሳምናል፦ ቢፒሲ የደም ሥር ይከፍታል፣ ቲቢ ደግሞ ጠጋኝ ሴሎችን ወደ ቁስሉ ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ መንገድ ይሠራል፣ ሌላው ሠራተኛ ይልካል። ችግሩ ቲቢ-500 በሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሸጣቸው ላይ ይጀምራል።

ታይሞሲን ቤታ-4 በሰውነታችን ያለ 43 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነው። ቲቢ-500 በጥብቅ ትርጉሙ ከእሱ የተቆረጠ ሰባት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ቁራጭ ነው። ሙሉው ወደ 4,960 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይመዝናል፣ ቁራጩ ወደ 890። ሻጩ «ቲቢ-500» ብሎ የሙሉውን ጥናት ይጠቅሳል፣ በብልቃጡ ግን ቁራጩ ሊሆን ይችላል፤ የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። የምርመራ ወረቀቱ ላይ የሞለኪውል ክብደቱን ሳያዩ የትኛውን እንደያዙ ማወቅ አይቻልም። 2 ሚሊ ግራም የአንዱ ከ2 ሚሊ ግራም የሌላው ጋር በሞለኪውል ቁጥር ከአምስት እጥፍ በላይ ይለያያል።

ሙሉው ታይሞሲን ቤታ-4 በሰው ላይ የተሞከረው ለአልጋ ቁስል፣ ለእግር የደም መልስ ቁስልና ለዓይን ብርሃን መስኮት ጉዳት ነው፤ ማለትም ለቆዳና ለዓይን እንጂ ለጅማት አይደለም። ቁራጩ ደግሞ ስሙ የወጣው በፈረስ እሽቅድምድም ዓለም ነው።

ታዲያ ሁለቱ ሲጣመሩ? ከላይ በጠቀስነው የ2021 የጉልበት ዘገባ ውስጥ አንድ ፍንጭ አለ። ከ16ቱ ሰዎች 12ቱ ቢፒሲ-157 ብቻ ተወግተው 11ዱ ተሽሏቸዋል። አራቱ ደግሞ ቢፒሲን ከታይሞሲን ቤታ-4 ጋር ተወግተው ሦስቱ ተሽሏቸዋል። በአራት ሰው ላይ ተመሥርቶ ጥምረቱ ይብሳል ማለትም ይበልጣል ማለትም አይቻልም። ግን ማስታወቂያው «ሁለቱ አብረው እጥፍ ይሠራሉ» ሲል የሚደገፍበት የሰው መረጃ እንደሌለ ይህ ቁጥር በቂ ማሳያ ነው።

የተቀላቀሉ ብልቃጦች፦ ሦስትና አራት በአንድ

«ግሎው» ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ጂኤችኬ-ኮፐር (መዳብ የያዘ ፔፕታይድ)፣ 10 ሚሊ ግራም ቢፒሲ-157 እና 10 ሚሊ ግራም ቲቢ-500 ይይዛል፤ በድምሩ 70። «ክሎው» በዚህ ላይ 10 ሚሊ ግራም ኬፒቪ የሚባል ባለ ሦስት አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ይጨምራል። ለገዢው ምቾት ነው፦ አንድ መርፌ፣ አንድ ብልቃጥ። በእኛ ሚዛን ግን ከሁሉ የከፋው አማራጭ ይህ ነው፤ ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

የኢንሱሊን ሲሪንጅ 100 መስመሮች 1 ሚሊ ሊትር ናቸው። 5 ሚሊ ግራም ዱቄት በ2 ሚሊ ሊትር ውሃ ከሟሟ፣ 10ኛው መስመር ላይ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 250 ማይክሮ ግራም ይኖራል። ያንኑ ዱቄት በ1 ሚሊ ሊትር ያሟሟ ሰው በዚያው መስመር 500 ማይክሮ ግራም ይስባል። ሚሊ ግራምና ማይክሮ ግራም ሲምታቱ ደግሞ ስሕተቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ይህ የአንድ ፔፕታይድ ሒሳብ ነው። በ«ግሎው» ብልቃጥ ግን 250 ማይክሮ ግራም ቢፒሲ የሳበ ሰው ሳይፈልግ 250 ማይክሮ ግራም ቲቢ እና 1,250 ማይክሮ ግራም ጂኤችኬ-ኮፐር አብሮ ይስባል። አንዱን መቀነስ፣ ሌላውን ማቆም አይቻልም። ከሰውነት የሚወጡበት ፍጥነት የተለያየ ሆኖ ሳለ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መጠን ታስረዋል።

መርፌው የተወጋበት ቦታ ቀይቶ ቢያብጥ ወይም ልብ ቢመታ ከአራቱ የትኛው ነው? መልስ የለም። አንዱ ቢጠቅምዎትስ? ሦስቱን ያለ ጥቅም እየከፈሉባቸው ይቀጥላሉ።

መዳብ የያዘው ጂኤችኬ-ኮፐር ደማቅ ሰማያዊ ነው። እሱ አለበት የተባለ ድብልቅ ሲሟሟ ሰማያዊ ካልሆነ፣ መዳቡ የለም ማለት ነው። የሌሎቹን መኖር ግን በዓይን ማወቅ አይቻልም። በብልቃጡ ሥር የሚታየው ነጭ ዱቄት በብዛት ማኒቶል የሚባል መሙያ ሊሆን ስለሚችል፣ መብዛቱም ማነሱም ምንም አያሳይም።

ጂኤችኬ-ኮፐር በቅባት

ሎረን ፒካርት በ1973 በሰው ደም ውስጥ ያገኘው ባለ ሦስት አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ነው። በቅባት መልክ ለቆዳ የሚሸጥ መዋቢያ ሆኖ ቆይቷል። ለፊት ቆዳ ልስላሴ ወይም ለዳነ ጠባሳ መሞከር የሚፈልግ ሰው ቅባቱን ቢጠቀም ብዙ አይጎዳም። ጅማት ጋ ግን በቅባት አይደርስም። የዊልሰን በሽታ ያለበት ሰው፣ ማለትም ሰውነቱ መዳብ የሚያከማች፣ በመርፌ የሚሰጠውን ጨርሶ መንካት የለበትም።

ኮላጅን ፔፕታይድ፣ ቫይታሚን ሲ እና ጅማትን በክብደት ማሠራት

ይህ ጥምረት ማራኪ ስም የለውም። ግን ሦስቱም ክፍሎቹ በሰው ላይ ተሞክረዋል፣ እያንዳንዱንም መለየት ይቻላል።

በ2017 የታተመ ሙከራ ስምንት ጤነኛ ወጣት ወንዶች 15 ግራም ጄላቲን ከ50 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ ጋር ጠጥተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ለስድስት ደቂቃ ገመድ እንዲዘሉ አድርጓል። በደማቸው ውስጥ አዲስ ኮላጅን መሠራቱን የሚያሳየው ምልክት ባዶውን መጠጥ ከጠጡበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ሆነ። 5 ግራም ግን ያን ያህል አልሠራም። በ2019 ደግሞ የተረከዝ ጅማታቸው ለረጅም ጊዜ የታመመ 20 ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ 2.5 ግራም ኮላጅን ፔፕታይድ ከባት ማጠንከሪያ ልምምድ ጋር ወስደው መሻሻል አሳይተዋል። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፣ ተአምርም አያሳዩም። ቢሆንም ሰዎች ናቸው፣ ማነጻጸሪያ አላቸው፣ የሚጠጣውም ምግብ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከልምምድ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ በፊት 15 ግራም የኮላጅን ዱቄት በውሃ ወይም በጭማቂ ይበጥብጡ፤ አንድ መካከለኛ ብርቱካን አብሮ መብላት ለቫይታሚን ሲው ይበቃል። የምግብ ቤት ጄላቲንም ተመሳሳይ አሚኖ አሲዶች አሉት፣ ብዙ ጊዜም ይረክሳል፤ ልዩነቱ በሙቅ ውሃ መሟሟቱና ሲቀዘቅዝ መርጋቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለ12 ሳምንት ሲሰላ 36 ጊዜ በ15 ግራም፣ 540 ግራም ነው። በየቀኑ ከወሰዱ 1,260 ግራም። ሒሳቡን ሳይሠሩ 300 ግራም ቆርቆሮ የገዛ ሰው በየቀኑ ከጠጣ በ20 ቀን ይጨርሰዋል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ኮላጅን ጠጥቶ ሶፋ ላይ መቀመጥ። ጅማት ደም በብዛት አይደርሰውም፤ ሲጎተትና ሲለቀቅ ነው እንደ ስፖንጅ ፈሳሽ የሚለዋወጠው። ሁለተኛ፣ ኮላጅንን የዕለቱ ፕሮቲን አድርጎ መቁጠር። ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ የለውም፣ ጡንቻ አይገነባም። በጉዳት ላይ ያለ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ገደማ ሌላ ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 112 ግራም ይሆናል። የቅልጥም መረቅም ኮላጅን አለው፣ ቀዝቅዞ ሲረጋ ይታያል፤ ነገር ግን ከድስት ድስት ስለሚለያይ 15 ግራም መሙላቱን ማወቅ አይቻልም።

ስለ ጾም። ኮላጅን ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ ነው የሚወጣው፤ ከዕፅዋት አይገኝም። «ቪጋን ኮላጅን» የሚባለው አሚኖ አሲዶችና ቫይታሚን እንጂ ኮላጅን አይደለም። ስለዚህ የሚጾም ሰው በጾሙ ወራት ልምምዱን ሳያቋርጥ ፕሮቲኑን ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከሽምብራ ይሙላ፤ 100 ግራም ጥሬ ምስር 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። በፍስኩ ቀን ደግሞ ዱቄቱን ይጨምር። አሳማ የማይበላ ሰው «ጄላቲን» ብቻ የሚል ማሸጊያ ሲያይ ምንጩን ይጠይቅ፤ የከብት መሆኑ ካልተጻፈ የአሳማ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ልምምዱ። ሕመሙ ገና ኃይለኛ ከሆነ በመቆም ይጀምሩ፦ በጣት ቆሞ 45 ሰከንድ መያዝ፣ አምስት ጊዜ፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ቀስ ያለ ከባድ ክብደት ይመጣል፤ ሦስት ሰከንድ መውጣት፣ ሦስት ሰከንድ መውረድ። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ዙር በ15፣ በ2ኛና 3ኛው 3 ዙር በ12፣ በ4ኛና 5ኛው 4 ዙር በ10፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛው 4 ዙር በ8፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛው 4 ዙር በ6። ቁጥሩ ሲቀንስ ክብደቱ መጨመር አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ቁጥሩን ይቀንስና ክብደቱን ይተወዋል።

ጂም የሌለው ሰው በ1998 የታተመውን የስዊድኑን ዘዴ ይከተል። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ማውረድ ነው፤ 3 ዙር በ15 ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ 3 ዙር በ15 ጉልበት ጎበጥ ብሎ፣ ጠዋትና ማታ፣ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። ሲቀል በጀርባ ቦርሳ አሸዋ መጨመር ነው። በ2015 ሁለቱ ዘዴዎች ሲነጻጸሩ ከዓመት በኋላ ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኗል። ሕመሙ ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት በሚጣበቅበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ከደረጃው በታች አይውረዱ፤ በሜዳ ላይ ብቻ ይሥሩ። ከ10 ነጥብ ውስጥ እስከ 5 ብቻ የሚሰጡት ሕመም ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ካልተመለሰ ክብደቱ በዝቷል።

ሌሎቹ መርፌዎች በአጭሩ

ከራስ ደም ተጣርቶ የሚወጋው ፒአርፒ በ2021 የተረከዝ ጅማት ሕመም ባለባቸው 240 ሰዎች ላይ ከማስመሰያ መርፌ ጋር ተነጻጽሮ ብልጫ አላሳየም። ኮርቲሶን ለሳምንታት ያስታግሳል፤ በክርን ጅማት ላይ ግን ከዓመት በኋላ ውጤቱ ካልተወጉት የባሰ ሆኖ ተገኝቷል።

| አማራጭ | በሰው ላይ ያለው ማስረጃ | የይዘቱ እርግጠኝነት | ለተወዳዳሪ ስፖርተኛ | የሠራውን ወይም የጎዳውን መለየት |
|---|---|---|---|---|
| ቢፒሲ-157 ብቻውን | እጅግ ጥቂት፣ ያለ ማነጻጸሪያ | በሻጩ የሚወሰን | የተከለከለ | ይቻላል |
| ቢፒሲ-157 ከቲቢ-500 ጋር | አራት ሰዎች ብቻ | የቲቢ ማንነት ራሱ ያጠራጥራል | የተከለከለ | ይከብዳል |
| «ግሎው»፣ «ክሎው» | እንደ ድብልቅ አልተፈተኑም | ከሁሉ ያነሰ | የተከለከለ | አይቻልም |
| ጂኤችኬ-ኮፐር ቅባት | ለቆዳ አለ፣ ለጅማት የለም | የተሻለ | ማሸጊያውን ማረጋገጥ | ይቻላል |
| ኮላጅን፣ ቫይታሚን ሲ፣ ክብደት | ትናንሽ ሙከራዎች፤ ለክብደቱ ጠንካራ | ጥሩ | የተመረመረ ምርት ከሆነ ይፈቀዳል | ይቻላል |
| ፒአርፒ | ትልቅ ሙከራ፣ ብልጫ አላሳየም | በሐኪም | ይፈቀዳል | ይቻላል |

ለማን የትኛው

*ለሚወዳደር ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች።* እዚህ ላይ ምርጫ የለም። ቢፒሲ-157 ከ2022 ጀምሮ በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ባልጸደቁ ንጥረ ነገሮች ክፍል ተከልክሏል፤ ታይሞሲን ቤታ-4 እና ቲቢ-500 ደግሞ በፔፕታይድ ሆርሞኖች ክፍል በስማቸው ተጽፈዋል። ክልከላው በውድድርም ከውድድር ውጭም ነው። የአውስትራሊያው ኤሰንደን እግር ኳስ ክለብ 34 የቀድሞና የወቅቱ ተጫዋቾች በ2016 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት ቅጣት የጣለባቸው በታይሞሲን ቤታ-4 ነው፤ «የክለቡ ባለሙያ ነው የሰጠን» የሚለው አላዳናቸውም። በሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ኃላፊው ስፖርተኛው ራሱ ነው። ማናጀርም ሆነ አሠልጣኝ «ቫይታሚን ነው» ብሎ መርፌ ሲያቀርብ ስሙን አስጽፎ የኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። የኮላጅን ዱቄትም ቢሆን «ኢንፎርምድ ስፖርት» ወይም «ኤንኤስኤፍ ለስፖርት» የሚል የምርመራ ምልክት ያለው ይሁን።

*በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ለሚሠራ።* በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቤት ውስጥ፣ በአሜሪካ መጋዘን ወይም በሆስፒታል የሚሠራ ሰው ጅማቱ የሚታመመው ዕረፍት በማጣት ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት የ45 ሰከንዱን አምስት ጊዜ ይሥራ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ወይም በጫማው ውስጥ የሚገባ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የተረከዝ ድጋፍ ያድርግ። በጀት ካለ ጄላቲኑ ይጨመር፤ ከሌለ ልምምዱ ብቻውን ዋናውን ሥራ ይሠራል።

*ካንሰር ለነበረበት ወይም በቤተሰቡ ላለበት፣ በስኳር ምክንያት ዓይኑ ለተጎዳ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ።* የደም ሥር የሚያበቅልና ሴል የሚያንቀሳቅስ ነገር ዕጢንም ሊመግብ ይችላል የሚለው ስጋት በሰው ላይ አልተረጋገጠም፣ አልተወገደምም። የሚወጉትን ፔፕታይዶች አይንኩ።

*ለቅርብ ጊዜ ወለምታ።* በቁርጭምጭሚት ወለምታ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይሻለዋል። በሦስተኛው ሳምንት መርፌ የጀመረ ሰው በስድስተኛው የሚያገኘውን መሻል ለመርፌው ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጌሻ ጋ ሄዶ ያበጠውን ማሸትና መጎተትም መድማቱን ያባብሰዋል፤ ስብራት አለመኖሩ በራጅ ይታይ።

*ይህን ሁሉ አንብቦ ቢፒሲ-157ን ለመውሰድ ለወሰነ።* ቢያንስ አንዱን ብቻ፣ በሐኪም ክትትል፣ ልምምዱን ሳይተው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በሴፕቴምበር 2023 ቢፒሲ-157ን፣ የቲቢ ቁራጩን፣ ኬፒቪን እና በመርፌ የሚሰጠውን ጂኤችኬ-ኮፐር ከፍተኛ የደኅንነት ስጋት ሊኖራቸው ይችላል ከሚላቸው ክፍል መድቦ ነበር። እንዲህ ያለ ዝርዝር ይከለሳል፤ ከዝርዝር መውጣት ግን እንደ መድኃኒት መጽደቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሸጥልዎ ካለ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበበትን ቁጥር ይጠይቁ።

«ለምርምር ብቻ» የሚል ብልቃጥ ሲሸጥ የሚያሳዩት የምርመራ ወረቀት ላይ እነዚህን ይፈልጉ። የስብስብ ቁጥሩ በብልቃጡ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፤ የድሮ ወረቀት ለአዲስ ዕቃ ማሳየት የተለመደ ነው። «ንጽሕና 99 በመቶ» የሚለው ከፔፕታይዱ ውስጥ ምን ያህሉ ትክክለኛው እንደሆነ እንጂ በብልቃጡ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ አይናገርም፤ መጠኑ ለብቻው መለካት አለበት። የኢንዶቶክሲን ምርመራ አለ ወይ? ኢንዶቶክሲን ከባክቴሪያ የሚቀር መርዝ ነው፤ ፔፕታይዱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርድ የሚያሰኝና የሚያተኩስ እሱ ነው። የጀርም አልባነት ምርመራስ? አብዛኞቹ ወረቀቶች እነዚህ ሁለቱ የሏቸውም። የሟሟ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ መብራት የሚጠፋበት ቤትና በሻንጣ ሁለት ቀን የተጓዘ ዕቃ ይህን አያሟሉም።

ከመግዛት በፊት መጣራት ያለበት

በቅርብ ወራት ሲፕሮፍሎክሳሲን ወስደዋል? ለታይፎይድና ለሆድ ሕመም በቀላሉ የሚታዘዝና የሚገዛ ነው። ከዚህ ቤተሰብ የሆኑ አንቲባዮቲኮች ጅማትን ይጎዳሉ፣ በተለይ የተረከዙን፤ ኤፍዲኤ በ2008 ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ጽፎባቸዋል። ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ፕሬድኒሶሎን አብረው በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይብሳል። ሕመሙ የጀመረው ያን መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሌላ ጊዜም ሌላ አንቲባዮቲክ ይጠይቁ።

ተረከዝ ላይ «ጧ» ብሎ የተመታ ያህል ከተሰማዎት ደግሞ በሆድዎ ተኝተው እግርዎን ከአልጋው ጫፍ ያውጡና ሌላ ሰው ባትዎን ይጭመቅ። የእግርዎ መዳፍ ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ሳይበጠስ አልቀረም። ያን ዕለት እግሩን ሳይረግጡበት የአጥንት ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ በቀዶ ሕክምናም ይሁን በጄሶ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወሳኝ ናቸው።